በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ካሜራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ በካሜራ ነው እንጀራዬን የምበላው። መጀመሪያ ሰርግ ነበር የምቀርጸው፣ አሁንም እቀርጻለሁ። ኋላ ላይ ለመስሪያ ቤቶችና ለማህበራት፣ አልፎ አልፎም ለራሴ፣ ዘጋቢ ፊልም መስራት ጀመርኩ።

በቅርቡ ስለ ሀገራችን ዘጋቢ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ሙያ የሚጽፍ ብዙ ሰው ስለሌለ ደስ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። የፊልሞቻችን ምስል የሚደክመው ጥሩ ካሜራ ስለሌለን ነው ይላል። በዚህ አልስማማም። ዛሬ ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ግቡና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን ስልኮች ተመልከቱ። ብዙዎቹ እኔ ሰርግ ስጀምር ከያዝኩት ካሜራ የተሻለ ይቀርጻሉ። ካሜራው አለን። ያጣነው ቁጭ ብሎ መጠበቁን ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል በአንድ ቡና ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። አንድ መስሪያ ቤት ስለ ሴቶች የቁጠባ ማህበር አጭር ዘጋቢ ፊልም ስሩልን አለን። ቦታው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ያለች መንደር ናት። ሦስት ቀን ያስፈልገናል ብለን ነበር። ግማሽ ቀን ተሰጠን፣ መኪናው ከሰዓት ለሌላ ስራ ይፈለጋል ተባለ። ስንደርስ አንዲት እናት፣ እማማ ነው ያልናቸው፣ ቤታቸውን ለቅልቀው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ጀበናውን ጥደው ጠበቁን። እኛም እንደ ልማዳችን ሁለት ኤልኢዲ መብራት ፊታቸው ላይ ተከልን። ካሜራውን በቁመታችን ልክ አቆምን፣ እሳቸውን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አስቀመጥን። የጥያቄ ወረቀት የያዘው ሰው መጠየቅ ጀመረ።

«ከማህበሩ ምን ተጠቀሙ?»

«ተጠቅሜያለሁ ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ምን ምን ተጠቀሙ?»

«ዶሮ ገዛሁ። ኋላ በግ ገዛሁ። አላህ ይመስገን።»

መብራቱ በርትቶባቸው ዓይናቸው ያነባል። ቡናው ሲቀዳ በስሎው ሞሽን ቀረጽን። አቦሉን ጠጣን። አለቀ ተባለና ዕቃ ማሸግ ጀመርን።

ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለ እማማ ቶናውን ቀዱ። «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል እንጂ። በረካው ሳይደርስ ወዴት ነው?» አሉኝ። ጓደኞቼ መኪና ውስጥ ገብተዋል። እኔ አፍሬ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፍቷል። የቀረው ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው፣ ግማሽ ፊታቸው ላይ ያርፋል፣ የዕጣኑ ጭስ በመሃል ያልፋል። በረካውን እየቀዱ እንዲህ አሉኝ።

«እኔ እኮ ካሜራ አይቼ አውቃለሁ። በሰባ ሰባት ባቲ መጠለያ ነበርኩ። ልጄን ታቅፌ ቁጭ ባልኩበት አንድ ፈረንጅ መጣና እዚህ ድረስ አስጠግቶ አነሳን። ስምሽ ማነው አላለኝም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ። ሌላ ፎቶ የለውም። ያ ፎቶ የት ገብቶ ይሆን? አንተ እዚሁ ስራ ላይ ያለህ ነህ፣ ታውቅ እንደሁ ብዬ ነው።»

ምን ልመልስ? ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ውጭ ክላክስ ይነፋል።

ካሜራው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ልቀርጻቸው ይገባኝ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምናልባት ዝም ብሎ ማዳመጡ ይሻል ይሆናል። ግን ያንን የምንወስነው እኔና እሳቸው መሆን ነበረብን። የወሰነልን የመኪናው ሰዓት ነው። ፊልሙ 8 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። አዳራሽ ውስጥ ታየ፣ ተጨበጨበ። ሰዎች ከሁሉም የወደዱት መንደሯን ከላይ ያነሳንበትን የድሮን ምስል ነበር። እማማ ፊልሙ ውስጥ 20 ሰከንድ እንኳ አይሞሉም፣ እሱም ስለ በግ።

አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ይህ የኔ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም። ወሎ ከካሜራ ጋር ያላት ታሪክ ሁሉ እንዲህ ነው። ካሜራ ወደዚህ ሀገር የሚመጣው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ህዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሡን ተከትለው የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችና ካሜራማኖች እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የተነሱትን ፎቶ ዓለም አየው። የተቃጠለበት ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት ሰፈር እንደነበር ግን ከዚያ ፎቶ አይገኝም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግስት ግብዣ ምስል ጋር እየቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እስቲ አስቡት። ያው የወሎ ሰው ፊት መጀመሪያ ለእርዳታ መለመኛ፣ ቀጥሎ ለአብዮት ማስረጃ ሆነ። ባለ ፊቱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ 1977 መጣ። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ጎህ ሲቀድ ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲው ማይክል በርክ ትረካ ታጅቦ ዓለምን አዳረሰ። ኮረም ያኔ ወሎ ስር ነበረች። ያ ምስል እህል አምጥቷል፣ ነፍስ አትርፏል፣ ይህንን አልክድም። አሚንም ኋላ፣ በ1989፣ ኮሞሮስ አጠገብ ባህር ላይ በወደቀው የተጠለፈው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ውስጥ ነበር ያረፈው፣ ነፍሱን ይማር። እንደ ካሜራ ሰው ሳየው የዚያን ጠዋት ስራውን አከብራለሁ። ብርሃኑን ጠብቋል። ብርድ የያዘው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ አይቶ፣ ምስሉን ሳያቻኩል ሰው ፊት ላይ ቆይቷል። የሚናገረው ድምፅ ግን የጋዜጠኛው ነው። እኛ የምናየው ሰው ዝም ይላል። ከጥቅምት እስከ ህዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባም ያው ነው የሆነው። ካሜራዎች በኋላ መጡ፣ የተሰበረ መስታወትና የተዘረፈ ክፍል ቀርጸው ሄዱ። መስታወቱን ማን እንደጠገነው፣ ልጆቹ እንዴት ትምህርት ቤት እንደተመለሱ ለመቅረጽ የቆየ ብዙ አላየሁም።

ስለዚህ ነው ጉዳዩ የካሜራ ዋጋ አይደለም የምለው። ክፉ ቀንን የሚቀርጽልን መቼም ይመጣል። ደህናውን ቀን መቅረጽ የኛ ስራ ነው፣ ደህና ቀን ደግሞ ቶሎ አይታይም፣ መቀመጥ ይፈልጋል።

መቀመጥ ስል በእውነቱም መቀመጥ ማለቴ ነው። ቤታችን ውስጥ ሰው የሚቀመጠው መደብ ላይ ወይም በርጩማ ላይ ነው። ካሜራው ቆሞ ቁልቁል ሲያይ እናቲቱ ትንሽ ትሆናለች፣ ተመልካቹም ሳያውቀው ከላይ ሆኖ ያያታል። ካሜራውን ዓይናቸው ድረስ ዝቅ አድርጉት። ትራይፖዱ አልወርድ ካለ ትራስ ላይ አስቀምጡት። እኔ አሁን ብዙ ጊዜ መደቡ ላይ ተቀምጬ ካሜራውን ጉልበቴ ላይ ነው የማሳርፈው። እሱም አንድ ነገር ጨመረልኝ። ከካሜራው ጀርባ መደበቄ ቀረ፣ ሰውየው የሚያወራው ከሰው ጋር ሆነ።

ርቀትም እንዲሁ ነው። ከመንገድ ማዶ ቆሞ በረጅም ሌንስ ስቦ ፊት ማንሳት ይቻላል። ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ያምራል። ግን ሰውየው የት እንዳለ አይታወቅም፣ ካሜራው መኖሩንም አያውቅም። ሰፋ አድርጎ በሚያይ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ሜትር ተኩል ያህል ቀርባችሁ ስትቀርጹ ግን ፊቱም፣ ረከቦቱም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የልጁ የምርቃት ፎቶም አብረው ይገባሉ። ለዚህ ቅርበት ደግሞ አስቀድሞ መተዋወቅ ያስፈልጋል። ያላወቃችሁት ሰው ዘንድ በሜትር ተኩል አትቀርቡም።

ስለ ብርሃን ብዙ ብል ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ብርሃን የሚከራይ ነገር አይደለም፣ ከሰማይ ነው የሚሰጠን፣ አሰጣጡ ደግሞ በየቦታው ይለያያል። ደሴ ጦሳ ስር ነው ያለችው። ጦሳ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል፣ ጥላው ከተማው ላይ ይወርዳል። ውጭ አገር የተጻፈ ምክር አንብቦ ‹የማታዋን ወርቃማ ሰዓት እጠብቃለሁ› ያለ ልጅ ደሴ ላይ ይሸወዳል። እዚህ ጠዋት ነው የሚሻለው። ኮምቦልቻ ሌላ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምንርቀው፣ ግን ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ስትጨርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ሰማዩ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ሆና ዓይን ስር ጥቁር ጉድጓድ ትሰራለች። ኮምቦልቻ ላይ ከቤት ውጭ ሰው የምቀርጸው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። መሃሉን ቤት ውስጥ፣ ወይም ዛፍ ስር።

የደሴን ጉም ደግሞ ብዙ ካሜራማን ይጠላዋል። ቀረጻ ተበላሸ ብሎ ዕቃውን ይጠቀልላል። እኔ እንደሱ ያለ የብርሃን ስጦታ አላውቅም። ጉም ማለት ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ትልቅ ነጭ ሻሽ ነው። ጥላውን ያለሰልሰዋል፣ የሽማግሌ ፊት ላይ ያለው መስመር ሁሉ ሳይከፋ ይታያል፣ የሰኞ ገበያ ጥላና ሸራ ቀለሙ ይደምቃል። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የቀለም ማስተካከያውን፣ ለካሜራው ሳትተዉ 6500 ኬልቪን አካባቢ ብታደርጉት ምስሉ ወደ ሰማያዊ አይሄድባችሁም። ሐረጎ ላይ መኪኖች በቀትር መብራት አብርተው ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ ቆማችሁ ካያችሁ፣ ሌላ ጊዜ ጉም መጣ ብላችሁ ዕቃ አትጠቀልሉም።

ቤት ውስጥ ከሆነ በሩ በቂ ነው። ሰውን በር ከጀርባው አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሻሽ የለበሰች ጠይም ሴት በር ፊት ለፊት ጀርባዋን ሰጥታ ስትቀመጥ፣ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ከተተወ ነጩንና በሩን ለማዳን ሲል ፊቷን ያጠቁረዋል። በሩ በጎን ይሁን። የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ፊቷ ላይ አድርጉ፣ በሩ ከነጣ ይንጣ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ጀርባው ግን ረጅም ነው። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ የቀለም ፊልም ህትመት የሚያስተካክልበት የናሙና ካርድ ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ቀለሙ ልክ ነው የሚባለው የሷ ቆዳ ልክ ሲመጣ ነው። የኛ ዓይነት ፊት ጥላ ሆኖ መውጣቱ እንደ ችግር አልተቆጠረም። ፊልሙ እየተሻሻለ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ‹የቡናማው ዓይነት አይለይም› ብለው ማማረራቸው ነው። ዛሬ ካሜራው ያንን ችግር በብዛት አልፎታል። እኛ ግን ሰው ፊት ላይ ኤልኢዲ ደቅነን ቆዳውን አመድ እናስመስለዋለን፣ ወይም አርታኢው ‹ላብራው› ብሎ ያነጣዋል። የእማማ ፊት በኔ መብራት ስር አመድ ነበር። በበሩ ብርሃን ግን የነሐስ ቀለም ነበረው፣ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

አንዲት የሙያ ነገር ለጀማሪዎች ልጣልና ልለፍ። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ዓይናችን ባያየውም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልኮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ተደርገው ነው የሚመጡት፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ፋብሪካ ውስጥ ወይም ሱቅ ውስጥ በሸምበቆ መብራት ስትቀርጹ ምስሉ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። ይርጋል።

አሁን ስለ መቆየት። የሲኒማ ፈር ቀዳጆች የሆኑት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች ሉሚየሮች በፈረንጆቹ 1895 ሊዮን ከተማ የራሳቸው ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ካሜራ አቁመው ሰራተኞች ሲወጡ ቀረጹ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ የሚናገር የለም። ሴቶች ይወጣሉ፣ ውሻ ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል። ከ130 ዓመት በኋላም ሰው ያየዋል። ይኸው ትዕይንት ሦስት ጊዜ ነው የተቀረጸው፣ ሦስቱም ቅጂ አለ። ከመጀመሪያውም ዘጋቢ ፊልም ‹እንደገና ውጡ› የሚባልበት ስራ ነበር ማለት ነው። ድጋሚ ማስወጣት ነውር የለውም ባይ ነኝ፣ የሰውን ህይወት እስካልቀየረ ድረስ።

ይህን አስቤ ነው አንድ ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ አስፈቅጄ ካሜራ ያቆምኩት። የሽፍት መቀያየሪያ ሰዓት ነበር። 40 ደቂቃ አልነካሁትም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም አይረቡም። ሁሉም ካሜራውን ያያል፣ ሴቶቹ ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ፣ አንዱ ‹ለየትኛው ቲቪ ነው?› ብሎ ይጮሃል። ቀስ በቀስ ረሱኝ። አንዷ ከበሩ ፈንጠር ብላ ቆማ ጓደኛዋን ትጠብቃለች፣ ፌስታል ውስጥ ያለ ቆሎ አንድ በአንድ ትበላለች። ባጃጅ መጥቶ ይሄዳል፣ አትሳፈርም። ሌላ ይመጣል። ጓደኛዋ ወጣች። ተሳሳሙ። ከዚያ ያቺ ስትጠብቅ የነበረችው ከጡቷ ስር መሃረብ አውጥታ ፈታችና ብር ቆጥራ ሰጠቻት፣ ‹የዕቁቡ› ስትል ድምጿ በጭላንጭል ይሰማል። ተያይዘው ሄዱ። ቁጠባ ማለት ይኸው ነው። ያን ሁሉ ጥያቄ በወረቀት ይዘን እማማን ያደረቅንበት ነገር እዚህ በር ላይ ማንም ሳይጠየቅ ታየ። ሁለቱንም ልጆች ኋላ ፈልጌ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። ፈቀዱልኝ። ባይፈቅዱ አጠፋው ነበር።

ስለ ተራኪውም አንድ ነገር ልበል። የኛ ዘጋቢ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወፍራም ድምፅ ይናገርበታል። ምስሉ ላይ ሴትዮዋ እንጀራ ትጋግራለች፣ ድምፁ ‹እንጀራ ትጋግራለች› ይላል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ድሮ ካሜራው ከባድ ነበር፣ ይጮሃል፣ ድምፅ መቅጃው ደግሞ መኪና ሙሉ ዕቃ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ምስልና ድምፅ አብሮ መቅዳት አይታሰብም። ስለዚህ ምስሉን ቀርጸው ይመለሱና ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ያናግሩበታል። በፈረንጆቹ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትከሻ ላይ የሚያዝ 16 ሚሊሜትር ካሜራና ስዊዘርላንድ ውስጥ ኩደልስኪ የተባለ መሐንዲስ የሰራው ናግራ የተባለ የሚንጠለጠል ድምፅ መቅጃ ሲመጣ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ሰው ቤት መግባት ተቻለ። ያኔ ነው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ሰዎች በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ቤት እንደልብ ማውራት የጀመሩት። ተራኪ እንግዲህ በአብዛኛው የችግር ልጅ ነው። ዛሬ ያ ችግር የለም። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ምስልና ድምፅ አብሮ ይቀዳል። የእማማን ድምፅ አጥፍተን የሌላ ሰው ድምፅ የምንጭንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙዚቃውም ያው። የባቲ ገበያ ይመጣል፣ ወዲያው በኪቦርድ የባቲ ቅኝት ይጫንበታል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት ሰው የሚኖርባቸው ቦታዎች ናቸው። ሰኞ ባቲ ገበያ ቁሙና ስሙ። ግመሎቹ ያጓራሉ፣ አፋሩ በአፋርኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ ይከራከራል፣ ዋጋ ላይ ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይዋሳል። ይህንን በኪቦርድ መሸፈን ያሳዝናል። ደሴም ጎህ ሲቀድ አዛኑና የቤተክርስቲያን ደወሉ በጉሙ ውስጥ ሲገናኙ ስሙ። እኔ የትም ቦታ ቀረጻ ስጨርስ አንድ ደቂቃ ማንም ሳይናገር የቤቱን ዝምታ እቀዳለሁ። ለአርታኢው ይጠቅመዋል፣ ቁርጥራጩን ያያይዝለታል።

ድሮን ላይ ጠላት አይደለሁም። ጦሳን ከላይ ማየት ደስ ይላል። ግን ድሮን ሰው አያውቅም፣ ከላይ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው የሚያየው። ካለፉት ዓመታት በኋላም ከሰማይ የሚጮህ ነገር በኛ አካባቢ እናቶችን እንዴት እንደሚያስደነግጥ የማያውቅ የለም። ፈቃዱ ቢኖር እንኳ፣ መንደሩ ሳይነገረው ባይነሳ ደስ ይለኛል።

ፊልም የምታሰሩ መስሪያ ቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ውል ስትጽፉ የደቂቃውን ብዛትና የካሜራውን ዓይነት ትጽፋላችሁ። የቀረጻ ቀኑንም ጻፉት። የመጀመሪያው ቀን ያለ ካሜራ ይሁን። ለዚያ ቀን አበል መክፈል ብክነት ይመስላችሁ ይሆናል። ለኔ የፊልሙ ግማሽ የሚሰራው በዚያ ቀን ነው።

ባለፈው ወር እማማ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ካሜራ አልያዝኩም። ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። አወቁኝ። «ያ መብራት የያዝክብኝ ልጅ» አሉኝ። ሦስቱንም ጠጣሁ። በሰባ ሰባት የሆነውን ብትቀርጸው ፈቃዴ ነው አሉኝ፣ ግን መጀመሪያ ፎቶውን ፈልግልኝ አሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ስለሚውሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት አይጠፉም።

ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መሃል፣ ሀገር ውስጥም ሆነ ውጭ ያለ፣ በ1977 ባቲ መጠለያ የተነሳ ፎቶ ወይም ፊልም ያለው፣ ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ካለ ለዝግጅት ክፍላችሁ እንዲጽፍ ይህችን መልዕክት አውጡልኝ። እናትየው ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበሩ፣ ግራ ጉንጫቸው ላይ ንቅሳት አላቸው። ልጁ ወንድ ነው፣ ዓመት አልሞላውም፣ አንገቱ ላይ ክታብ ታስሮለት ነበር። ስሙን ነግረውኛል። ፎቶው ሲገኝ ከስሩ ይጻፋል።

አክባሪያችሁ
አንድ ካሜራማን፣ ከደሴ